በእግሩ የተተካች

ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው በእኛ አገር ለአዲሱ ልጅ ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዘሎ አይሄድም። ምትኩ ይለዋል፣ ካሳ ይለዋል፣ ካሳሁን ወይም ማስረሻ ይለዋል። እነዚህን ስሞች የያዙ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ ስንጠራቸው ትርጉሙ ትዝ አይለንም። ቆም ብሎ ላሰበው ግን ስሙ ከባድ ሸክም ነው። ልጁ ገና ከመወለዱ ዕዳ ተጽፎበታል፦ የማያውቀውን ሰው ቦታ እንዲሞላ፣ ያላደረሰውን ጉዳት እንዲክስ፣ የእናቱን ሐዘን እንዲያስረሳ። ወላጆቹ ክፉ አስበው አይደለም። ሐዘን መውጫ ሲፈልግ የሚያገኘው ቀዳዳ ይኸው ነው። ግን ጥያቄው አለ። በሌላው ቦታ ለመጣ ፍጥረት ፍትሐዊ መሆን ይቻላል ወይ? የቀደመውን እየወደድን፣ የኋለኛውን በራሱ ልክ መቀበል እንችላለን?

ጥያቄውን እኔ ቤት ይዛ የገባችው ውሻ ናት። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጃስፐር የሚባል ጥቁር ላብራዶር ስምንት ዓመት ሙሉ መራኝ። ከዚያ ዳሌው እያመመው ደረጃ መውጣት ሲከብደው ጡረታ ወጣ፣ በእግሩ ኖራ የምትባል ጀርመን ሼፐርድ ተተካች። ስሙን ያወጣላት ያሳደጋት ትምህርት ቤት ነው። የእኛ ሰዎች ሲሰሙ ይስቃሉ፤ «ኖራ? የግድግዳው ኖራ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስሙን ስጠራ የምሰማው ሌላ ነው፦ ኖራ፣ እንደ «እዚያ ኖራ መጣች»። ከእኔ በፊት አንድ ቦታ የኖረች። ይህ የአጋጣሚ ትርጉም ያልጠበቅኩትን ነገር አስተማረኝ፤ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ይህን የስም ነገር ከእኛ በፊት አንድ አሜሪካዊ በራሱ መንገድ እንዴት እንደፈታው ላውራ። መሪ ውሻን ማሠልጠን በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው ከጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንበርግ ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በስዊዘርላንድ ውሾች ታሠለጥን የነበረች ዶሮቲ ሃሪሰን ዩስቲስ የምትባል አሜሪካዊት ይህንን ሥራ አይታ በ1927 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጻፈች። ጽሑፉ የተነበበለት ሞሪስ ፍራንክ የሚባል የናሽቪል ወጣት ደብዳቤ ላከላት። በ1928 ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ ሠለጠነና አንዲት ውሻ ይዞ ተመለሰ። ውሻዋ መጀመሪያ ስሟ ኪስ ነበር፤ በእንግሊዝኛ መሳም ማለት ነው። ወጣቱ በአደባባይ እንዲህ ብሎ መጣራት አሳፈረውና ቡዲ አላት፣ «ጓዴ» እንደ ማለት። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ ጋዜጠኞች እያዩ፣ መኪና የሚተራመስበትን ጎዳና አብረው ተሻገሩ። በዓመቱ፣ በ1929፣ ዛሬም ድረስ የሚሠራው ዘ ሲኢንግ አይ የተባለው ትምህርት ቤት ተመሠረተ። ቡዲ በ1938 ሞተች። ፍራንክ ከእሷ በኋላ የያዛቸውን ውሾች ሁሉ ቡዲ አላቸው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ በፍቅር ነው የተቀበልኩት። አንድ ሰው የመጀመሪያዋን ሊረሳ አልፈለገም አልኩ። ኖራ ከመጣች በኋላ ግን ከሌላው በኩል ማየት ጀመርኩ። የሁለተኛዋ ቡዲ ነገር እንዴት ነበር? የሦስተኛውስ? ውሻ ስለ ስሙ አይጨነቅም ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። የሚጨነቀው ጠሪው ነው። በጠራ ቁጥር ሁለት ፍጥረት ይጠራል፣ የሚመጣለት ግን አንዱ ብቻ ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ልዩነቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሳይታሰብ መለኪያ ይሆናል።

መለኪያ የሚሆነው ደግሞ በእጅ ነው። የመሪ ውሻ ሥራ ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚገምተው ሌላ ነው። «ሱቅ በይው ይወስድሻል?» ይሉኛል። አይወስደኝም። መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ። ስንት መስቀለኛ መንገድ እንዳለፍን፣ የት እንደምንታጠፍ በጭንቅላቴ የምይዘው እኔ ነኝ። የትራፊክ መብራትም ውሻ አያነብም፤ የመኪናውን ፍሰት በጆሮዬ አዳምጬ «ፎርዋርድ» የምለው እኔ ነኝ። የእሷ ሥራ በመካከል ያለው ነው። ምሰሶውን፣ የቆመውን ብስክሌት፣ ፊት ለፊት የመጣውን ሰው ታሳልፈኛለች፤ ደረጃና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ትቆማለች። ይህ ሁሉ የሚነገረኝ ሃርነስ በሚሉት፣ ደረቷ ላይ በሚታሰረው ቀበቶ ጠንካራ እጀታ በኩል ነው። ትከሻዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲል እጄ ያውቀዋል። ፍጥነቷ ሲቀንስ እግሬ ያውቀዋል።

ከስምንት ዓመት በኋላ እጅ የራሱ ትዝታ አለው። ጃስፐር ሲራመድ ከባድና ዝግ ያለ ነበር፣ ሙሉ ሰውነቱን ነበር የሚያዞረው። ኖራ ቀላል ናት፤ የምትናገረው በጣት በሚያክል እንቅስቃሴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ እጄ ጃስፐርን እየጠበቀ ኖራን ይይዝ ነበር። ይህን ማንም ሰው በፈቃዱ የሚያደርገው አይደለም፤ ሰውነት ነው የሚያደርገው። ሁለተኛ ሚስት ያገባ፣ እናቱ ሞታ በእንጀራ እናት እጅ ያደገ ሰው የምለውን ያውቃል። ቡናው ያው ቡና ነው፤ የተቆላበት እጅ ግን ሌላ ነው።

ትምህርት ቤቱ ይህንን ያውቃል። ስለዚህ አዲስ ውሻ ከመስጠታቸው በፊት ውሻ የሌለበትን ሃርነስ ያስይዙሃል። አሠልጣኙ ራሱ እንደ ውሻ ሆኖ ቀበቶውን ይይዝና ይጎትትሃል፣ ይታጠፋል፣ ይቆማል። «ጁኖ» ይሉታል፤ ጁኖ የሌለችው ውሻ ናት። መንገድ ላይ ላየን ሰው ያስቃል። ግን ቁም ነገር አለው። የሚሠለጥነው ሰውየው ነው። ውሻዋ ሥልጠናዋን ለወራት ስትወስድ ቆይታ ጨርሳ መጥታለች፤ ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉም ያሰብኩበት ግን አሠልጣኟ ገመዱን እጄ ላይ አድርጋ የወጣች ለት ያለው ሌሊት ነው። ደንቡ ቀላል ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የማበላት እኔ ነኝ፣ ወደ ውጭ የማወጣት እኔ ነኝ፣ የምትተኛው እኔ አልጋ አጠገብ ነው። ኖራ ግን አልተኛችም። በሩ ሥር ተጋድማ የአሠልጣኟን ኮቴ ታዳምጥ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ሳይሆን ሲቀር በረጅሙ ትተነፍስና መልሳ ትጋደማለች። አለቀሰች ማለት አልወድም፤ ስለ ውሻ ለቅሶ ብዙ አላውቅም። ስትጠብቅ እንደነበር ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሕይወት ታሪኳን የቆጠርኩት ያን ሌሊት ነው። መሪ ውሻ በሁለት ወሯ ገደማ ከእናቷ ትለያለች። በፈቃደኝነት ቡችላ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ ትሄዳለች፤ እዚያ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ትቆያለች፣ ልጆቹን ታውቃለች፣ የቤቱን ሽታ ታውቃለች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ትመለሳለች፣ ለወራት ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ትውላለች፣ ያቺን ሰው መውደድ ትለምዳለች። ከዚያ ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች። ሦስት መለያየት፣ ሁለት ዓመት ባልሞላ ዕድሜ። ኖራ፣ እንግዲህ፣ ኖራ ነው የመጣችው።

እኔ ጃስፐርን ላጣሁበት ካሳ ስጠብቅ፣ እሷ ግን ምን ልትጠብቅ ነው? ለእሷ እኮ ምትኳ እኔ ነኝ። በዚያች አሠልጣኝ እግር የተተካሁት እኔ ነኝ። አካሄዴ ሌላ፣ ድምፄ ሌላ፣ እንግሊዝኛዬ እንኳ ሌላ፤ «ሌፍት» ስል እንደ አሠልጣኟ አልለውም። ምትክ የመሆንን ሸክም ካሳሁን ብቻ የሚሸከመው ይመስለን ነበር። እናቲቱም ለካሳሁን ሌላ እናት አይደለችም ወይ? የሟቹ እናት ነበረች፤ አሁን የዚህኛው ናት። አዲስ ግንኙነት ውስጥ የሚገባ ሁሉ ከሌላው ወገን ሲታይ አዲስ መጤ ነው። እኛ መጤ መሆናችንን የምንረሳው ቤቱ የኛ ስለሆነ ብቻ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። «እንደ ጃስፐር ትሆን ይሆን?» ማለት ትቼ «እንተማመን ይሆን?» ማለት ጀመርኩ። በአማርኛ ውሻን ስናመሰግን አንድ ቃል ነው ያለን፤ ታማኝ እንላለን። ቃሉን ግን ከሥሩ ብናየው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ታማኝ እንዲኖር አማኝ መኖር አለበት። የውሻዋን ታማኝነት ለማወደስ ቀላል ነው፤ እኔ አማኝ መሆን ነው የሚከብደው። እጀታ ይዤ ስሄድ የማምነው በሐሳብ አይደለም፣ በእግር ነው። የቀኝ እግሬን አንስቼ ባዶ አየር ላይ ሳሳልፍ መሬት መኖሩን አምኛለሁ ማለት ነው።

የዚህ እምነት ፈተና ደግሞ ስትታዘዝ አይመጣም፤ እምቢ ስትል ነው። መሪ ውሾች የሚማሩት አንድ ትልቅ ነገር አለመታዘዝ ነው። «ፎርዋርድ» ተብላ መኪና ከመጣ፣ ወይም ፊቷ ገደል ካለ፣ ትቆማለች። ትእዛዙ ቢደገምም ትቆማለች። በመታዘዝ ለምታድግ እንስሳ ይህን ማስተማር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አስቡት። ለእኛም አስቡት፤ አዳጊ ሆነን «እሺ» ማለት ብቻ እንደ ጨዋነት ለተቆጠረልን። በደንብ የሚታዘዝ ሎሌ ከጌታው ጋር ገደል ይገባል። ጌታውን የሚያድነው እምቢ ማለት የሚችለው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጆርጂያ ጎዳና ስንሄድ ኖራ በድንገት ቆመች። እንደ ተማርኩት ቀኝ እግሬን ወደ ፊት ሰድጄ መሬቱን ዳሰስኩ፤ ሜዳ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ምንም የለም። አዳመጥኩ፤ ከሩቅ መኪኖች በቀር ዝም ነው። ኖራ ንቅንቅ አላለችም። ቆይታ በራሷ ወደ ግራ ሳበችኝ፣ በሰፊው አዙራ አሳለፈችኝ፣ መንገዳችንን ቀጠልን። እዚያ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። የተሰበረ ጠርሙስ ይሁን፣ የተዘረጋ ሽቦ ይሁን፣ ወይ ለእሷ ብቻ የሚያስፈራ ነገር ይሁን።

ጃስፐር እንዲህ ቢያደርግ ምክንያቱን ማወቅ እንኳ አያምረኝም ነበር። የስምንት ዓመት ሒሳብ በመካከላችን አለ። ከኖራ ግን ምክንያት ፈለግኩ፣ ባላገኘውም ተከተልኳት። ሁላችንም ከአዲስ ሰው ማስረጃ እንፈልጋለን፤ ይህ ተፈጥሮ ነው፣ ተገቢም ነው። ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ጃስፐር ያጠራቀመው እምነት ለኖራ አይተላለፍም። ውርስ አይደለም። ቤት፣ ገንዘብ፣ ሥልጣን ሳይቀር ይወረሳል፤ መተማመን ግን ከባለቤቱ ጋር የሚቀር ነገር ነው። ለዚህ ነው «ምትክ» የሚለው ቃል የማይሠራው። ጃስፐር የነበረበት ቦታ ባዶ ወንበር ቢሆን ኖሮ ኖራ ትቀመጥበት ነበር። ግን ወንበር አልነበረም፤ ሁለታችን በእግራችን የሠራነው መንገድ ነው። ከኖራ ጋር ሌላ መንገድ መጀመር ነው እንጂ የድሮው ላይ የሚገባ የለም።

ሰፈሬም ይህንኑ ነገረኝ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሪ ውሻ ምግብ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆስፒታል እንዲገባ ይፈቅዳል። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነወይ፣ ምን ሥራስ ሠልጥኗል? ለሕጉ ጃስፐርና ኖራ እኩል ናቸው። አዘውትሬ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ግን ጃስፐርን ለዓመታት «አቶ ጃስፐር» እያሉ የተቀበሉት እናት ኖራን ሲያዩ እንደገና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። «ይቺኛዋስ ትነክሳለች እንዴ ልጄ?» አሉኝ። አልተቀየምኩም። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የሚገድልበት አገር ነው፤ እኚህ እናት ውሻ ሲያዩ ድንጋይ አንሱ ተብለው ነው ያደጉት። ፍርሃታቸው ድንቁርና አይደለም፣ ትዝታ ነው። ኖራ ጠረጴዛው ሥር ተጋድማ ሦስት ወር እየዋለች ራሷ መልስ ሰጠቻቸው። አሁን «ልጅቷ በላች ወይ?» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከባዱን ጥያቄ ያመጣችው ግን አክስቴ ናት። ደሴ ሆና በስልክ ስለ ኖራ ነገርኳት። ሥራዋን፣ ሥልጠናዋን፣ እምቢ ማለቷን ሁሉ አዳመጠችና፣ «ለመሆኑ እሺ ብላ ነው የምታገለግልሽ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ አልቆየም።

እሺ አላለችም። ማንም አልጠየቃትም። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ዓይኑ የጠፋው ጦቢት ልጁን ጦብያን መንገድ ሲልከው፣ ከልጁና ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር አንድ ውሻ አብሮ ይወጣል። የውሻው ስም አልተጻፈም፤ ተከተል ያለውም የለም። ዓይነ ስውሩ ቤት ቀርቷል፣ ውሻው የሄደው ዓይን ካለው ጋር ነው። ሄዶ አብሮ ይመለሳል። የዚያ ውሻ አገልግሎት፣ አገልግሎት ከተባለ፣ የገዛ ፈቃዱ ነው። የኖራ እንደዚያ አይደለም። ለዚህ ሥራ ተብላ ተወልዳ፣ ለዚህ ሥራ ተብላ አድጋለች። ሥራው የማይስማማቸው ውሾች ከሥልጠና ይወጣሉ፣ የቤት ውሻ ሆነው ይኖራሉ፤ እነዚህ ጥቂት አይደሉም። ይህ ቁም ነገር ነው፣ ግን ፈቃድ አይደለም። እምቢታን መስማት ነው እንጂ እሺታን መጠየቅ አይደለም።

የቆሎ ተማሪ ዓይነ ስውር የኔታን እጅ ይዞ ሲመራ ምላሹን ያውቀዋል፤ ፊደል፣ ዜማ፣ ቅኔ ያገኛል። ከኖራ ጋር እንዲህ ያለ ውል የለንም። ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት ቀላል መልሶች አሉ፣ ሁለቱንም አልወድም። አንደኛው «ሥራዋን ትወደዋለች» የሚለው ነው። ሃርነሱን ሳነሳ ጭራዋ እግሬን ሲመታው እኔም እሱን ማመን ደስ ይለኛል፤ ግን ሹመኛ ሁሉ ስለ ሎሌው የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ብዙ አልደገፍበትም። ሁለተኛው «ያለ ፈቃድ የሆነ ሁሉ ግፍ ነው» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ሕፃን ልጅንም፣ ሽማግሌ ወላጅንም፣ ስንወለድ ያልተጠየቅነውን ሁላችንንም ግፍ ውስጥ ይከታል።

እኔ የደረስኩበት ይኼ ነው። ውል በሌለበት ዕዳው አይቀልም፣ ይከብዳል። እሺ ያለ ሰው «እሺ ብለህ ነበር» ይባላል። ኖራን እንዲህ ማለት አልችልም። ስለዚህ እምቢታዋ ለእኔ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ያላት ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ስትቆም ስሰማት፣ ደክሟት ዝግ ስትል ወደ ቤት ስመልሳት፣ ሃርነሱን አውልቄ ሥራ የሌለባትን ውሻ ስተዋት፣ ዳሌዋ ሳይጎዳ ጡረታ ሳወጣት፣ ያልጠየቅኳትን ጥያቄ ዘግይቼ እየጠየቅኩ ነው። ቅዳሴ ቀን ቤት ትታ ትውላለች፤ እኔ ነጭ በትሬን ይዤ በእህቴ ልጅ ክንድ እሄዳለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ ያዝኑልኛል። እኔ ግን የኖራ ሰንበት እንደሆነ ነው የምቆጥረው።

ጃስፐርስ? ከእኛው ጋር ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሃርነሱ ብረት ሲንኳኳ ከምንጣፉ ላይ እየተንገዳገደ ይነሣና በሩ ጋ ይቆም ነበር። ኖራም ትቆማለች። ሁለቱ በሩ ላይ፣ እኔ መካከላቸው። በዚያ ሰዓት ማን የማን ምትክ እንደሆነ ለማስረዳት ቋንቋ የለም። ስለዚህ ሥርዓት አበጀሁ። ጠዋት መጀመሪያ ጃስፐርን ያለ ሃርነስ፣ በገመድ ብቻ፣ እስከ ጥጉ ዛፍ አደርሰዋለሁ። እዚያ እስኪበቃው ያሸታል፣ ይመለሳል፣ ይተኛል። ከዚያ ኖራ ትለብሳለች። ሁለት የተለያየ መንገድ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያሳጥረውም።

ኖራ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። መሪ ውሻ ብዙ ጊዜ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ሥራ ያቆማል። ዕድሜ ከሰጠን አንድ ቀን የእሷም ዳሌ ደረጃውን ይፈራል፣ ሌላ ውሻ ከሌላ ቤት፣ ከሌላ እጅ፣ በሌላ ስም ይመጣል። ያን ቀን የማደርገውን አውቃለሁ። ስሙን እንዳመጣው እተውለታለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከእሱ ጋር አልተኛም፤ አብሬው ኮቴ አዳምጣለሁ። ጠዋት ደግሞ እጀታውን ይዤ፣ ቀኝ እግሬን አንስቼ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።